ዘውድ ወይስ ፕሬዝዳንት?

አራት ኪሎ ማኪያቶ ላይ ከሚነሱ ክርክሮች አንዱ ይኼ ነው፦ ንጉሡ በሕገ መንግሥት ተገድበው ቢቆዩ ኖሮስ? ሐሳቡ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1966ቱ አብዮት የተረቀቀው ሕገ መንግሥት ዘውዱን አስቀርቶ ሥልጣኑን የሚወስድ ነበር። ደርግ ግን አልጠበቀም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱን ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ወሰዳቸው፤ ረቂቁም መና ቀረ።

የዛሬው ርእሰ ብሔር ፕሬዝዳንቱ ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ተሰብስበው በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይመርጡታል። ዘመኑ 6 ዓመት፣ ቢበዛ ሁለት ጊዜ ነው። አምባሳደር ይቀበላል፣ ሕግ ይፈርማል። በ15 ቀን ውስጥ ባይፈርም እንኳ ሕጉ ሥራ ላይ ይውላል። እንግዲህ ጉልበቱን ገምቱት።

የዘውዱ ብልጫ ንጉሥ የፓርቲ ውለታ የሌለበት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስፔን ውስጥ መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ንጉሥ ኹዋን ካርሎስ የጦር ልብሳቸውን ለብሰው በቴሌቪዥን ቀረቡ። ከሕገ መንግሥቱ ጎን ቆሙ፤ ሙከራውም ከሸፈ። ፓርላማ የሾመው ፕሬዝዳንት እንዲህ መደመጡን እጠራጠራለሁ።

ጉዳቱስ? ንጉሥ በምርጫ አይወርድም። ወራሹ ሰነፍ ቢሆንም ያው ነው። እኛ ጋ ደግሞ ይብሳል፤ የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘውዱን ከአንድ የዘር ሐረግና ከኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ጋር አስሮት ነበር። ዛሬ ይህን ማን ይቀበላል? ስለዚህ እኔ ለፕሬዝዳንቱ አደላለሁ። የሚመርጡት ሰዎች ግን እስቲ ከፓርቲ ውጭም ይፈልጉ።