በሦስት ሳምንት ዕረፍት የኮንዶሚኒየም ካርታ ጉዳይ ማስጨረስ፦ ከልደታ እስከ ጎተራ የአገልግሎቶቹ ግምገማ

ልደታ፣ ሰንጋ ተራ ወይም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ኖሯችሁ ውጭ አገር የምትኖሩ፣ በዕረፍት ስትገቡ ስም ለማዛወር ወይም ካርታ ለማስተካከል ካሰባችሁ ይህን ከመሳፈራችሁ በፊት አንብቡት። እዚህ የሚገመገሙት የሰነድ ማረጋገጫው፣ የይዞታ ምዝገባው፣ የግብር መስኮቱና የባንክ ዕዳ ማንሻው ናቸው። ከአራቱ የተሻለው ምዝገባው ነው፤ ብዙ ሰው ከሚያወራው በላይ ደህና ይሠራል። ዕረፍቱን የሚበላው ከምዝገባው መስኮት በፊት ያለው መንገድ ነው።

መጀመሪያ መዝገቡ ምን እንደሚይዝ ማወቅ ይጠቅማል። የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 818/2006 ከወጣ ወዲህ ይዞታ መጀመሪያ ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ ይመዘገባል። ማረጋገጥ ሲባል ቁራሽ መሬቱ ተለክቶ ወሰኑ በኮኦርዲኔት (የቦታውን መገኛ በሚያሳዩ ቁጥሮች) ይያዛል፣ የማን እንደሆነ በማስረጃ ይጣራል፣ የራሱ መለያ ኮድ ይሰጠዋል። ሰፈሩ በሙሉ በተራ ሲሠራ ስልታዊ ይሉታል፤ ባለይዞታው በራሱ ጉዳይ ሲያመለክት ደግሞ አልፎ አልፎ። በስልታዊው ጊዜ ውጭ አገር ያለ ሰው ማስረጃውን የሚያቀርብለት ወኪል ከሌለው ቤቱ ሳይጣራ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ሰፈሩ ተራው ደርሶ እንደሆነ ከዘመድ ወይም ከቤት ባለቤቶች ማኅበሩ መጠየቅ ያስፈልጋል።

የኮንዶሚኒየም ልዩ ጠባይ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ቁራሽ መሬቱ አንድ ሲሆን በላዩ ያሉት ቤቶች ብዙ ናቸው። የመሬት ካርታ ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ አራተኛ ፎቅ ያለውን ባለ ሁለት መኝታ ሦስተኛ ፎቅ ካለው አቻው በኮኦርዲኔት አይለየውም። የሚለየው የብሎክ፣ የፎቅና የቤት ቁጥር ነው። ስለዚህ አንዲት አኃዝ ስትሳሳት ሰው በወረቀት ወደ ጎረቤቱ ቤት ይገባል። በር ላይ በቀለም የተጻፈው ቁጥር፣ በመብራት ቢል ላይ ያለውና ካርታው ላይ ያለው ሦስቱም አንድ መሆናቸውን በዓይን ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፤ ካልተስማሙ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ ከዚህ ጀምሩ።

ካርታው ላይ የሚጻፈው ስፋትም የቤቱ ብቻ ነው። ደረጃው፣ ጣሪያው፣ ግቢውና የጋራ መገልገያ ሕንፃው በጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 የሁሉም ባለቤቶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ያለው ድርሻ ከቤቱ ተነጥሎ አይሸጥም። ምድር ላይ ያለ ቤት የገዛ ሰው በረንዳውን አጥሮ አንድ ክፍል ጨምሮ ካገኘ፣ ያ ክፍል መዝገብ ውስጥ የለም። ሻጩ በዋጋው ውስጥ ቢያስገባውም ገዢው የሚያገኘው መዝገብ ላይ ያለውን ብቻ ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ ልትሉት የሚገባው በውክልና የተገዛ ቤት ነው። በ20/80 (20 በመቶውን ባለዕድሉ ቀድሞ፣ 80 በመቶውን በባንክ ብድር በሚከፍልበት) ዕጣ የወጣ ቤት 5 ዓመት ሳይሞላው እንዳይሸጥ ክልከላ ስላለበት፣ ብዙ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ ከሻጩ ውክልና ብቻ ወስዶ ተቀምጧል። ውጭ ያለ ወገን ደግሞ ቁልፉን ለወንድሙ አስረክቦ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። አላለቀም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1185 መሠረት የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፈው በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ላይ ሲጻፍ ነው። እስከዚያ ድረስ መዝገቡ ቤቱ የሻጩ ነው ይላል። ለሻጩ ያበደረ ሰው ከሶት ፍርድ ቤት ቤቱን ሊያሳግደው ይችላል፤ ሻጩ ሐሳቡን ቢለውጥ ውክልናውን ሊሽር ይችላል፤ ሻጩ ቢሞት ውክልናው አብሮት ይቋረጣል፣ ልጆቹም የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። 5 ዓመቱ ከሞላና ሻጩ በሕይወት ካለ፣ በዚህ ዕረፍት ከሠርግም ከጉብኝትም አስቀድማችሁ የምትጨርሱት ይህን ይሁን። የምንለምናችሁ ከልብ ነው።

ካርታ በእጅ መኖሩም ቢሆን የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 1195 ካርታ የተሰጠውን ሰው ባለቤት ነው ብሎ ይገምታል፤ አንቀጽ 1196 ደግሞ ግምቱ በማስረጃ የሚፈርስባቸውን ሁኔታዎች ያስቀምጣል፤ ለምሳሌ ካርታው ከተሰጠ በኋላ ሌላ ሰው ባለቤትነቱን ካገኘ። ስለዚህ ለሽያጭ የቀረበ ቤት ስታዩ የካርታ ፎቶ ኮፒ አይብቃችሁ፤ ባለቤቱ ወይም ወኪሉ ከምዝገባው ቢሮ የዕዳና እገዳ ማጣሪያ ያውጣ። ወረቀቱ የሚናገረው በተጻፈበት ቀን ስላለው ሁኔታ ነውና ከውሉ ቀን ጋር የተቀራረበ መሆን አለበት። የሁለት ወር ወረቀት ይዞ የሚመጣ ደላላ አዲስ እንዲያስወጣ ንገሩት።

የሰነድ ማረጋገጫው አገልግሎት ፍጥነቱ ጥሩ ነው፣ ጥንቃቄውም እንዲሁ። ውሉን የሚያረጋግጠው ሠራተኛ የሻጩን ማንነት ብቻ ሳይሆን የመሸጥ መብቱንም ያጣራል፤ አዋጅ ቁጥር 922/2008 ይህን ግዴታ አድርጎበታል። ያገባ ሰው የትዳር ጓደኛው ካልፈረመ አይሸጥም፣ ምክንያቱም የቤተሰብ ሕጉ የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረት በሁለቱ ስምምነት ብቻ እንዲተላለፍ ይላል። ያላገባ ደግሞ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ማስረጃ ይጠየቃል። የትዳር ጓደኛችሁ ውጭ ከቀረ ውክልናውን ከመምጣታችሁ በፊት በኤምባሲ አዘጋጁ፤ እዚህ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይረጋገጣል፣ ከዚያ ሰነድ ማረጋገጫ ይመዘገባል። የውክልናው ቃል ራሱ ትልቅ ወጥመድ አለበት። «ንብረቴን በሙሉ እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና ለማከራየትና ለማስተዳደር ይሆናል እንጂ ቤት አያሸጥም። መሸጥ፣ መለወጥ፣ ማስያዝና ስም ማዛወር የሚሉት ሥልጣኖች በየስማቸው መጻፍ አለባቸው፤ የብሎኩና የቤቱ ቁጥር ቢገባበት ደግሞ መልካም ነው።

የውጭ ዜግነት የወሰደ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርዱን (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያውን) ሳይዝ እንዳይሄድ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 ያገኘው የባለቤትነት መብት የሚታወቀው በካርዱ ነው፤ ፓስፖርት ብቻ ያሳየ ሰው በመስኮቱ ፊት የውጭ ዜጋ ነው።

ቀን የሚበላው ስም ነው። መዝገቡ ስምን ከነአባትና ከነአያት ይዟል፤ የውጭው ፓስፖርት ግን ብዙ ጊዜ አያቱን ጥሎ የአባቱን ስም የቤተሰብ ስም አድርጎታል። በዚህ ላይ የፊደሉ ጉዳይ አለ፦ «ኃይለ ሥላሴ» በአንዱ ሰነድ «ሃይለስላሴ»፣ «ፀሐይ» በሌላው «ጸሃይ» ተብሎ ይገኛል። ድሮ በእጅ በሚጻፍ መዝገብ ሰው አይቶ ያልፈው ነበር፤ ኮምፒውተር ላይ ግን ፍለጋው ስሙን ሊስተው ይችላል። መፍትሔው ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያሳይ ሕጋዊ ማስረጃ ነው፤ እሱ ካስፈለገ ከሦስት ሳምንት ውስጥ አንዱን እንደሚወስድ አስቡ። በሥርዓቱ ላይ ጠንከር ያለ ቅሬታ ያለን በዚህ ነው። የፊደል ልዩነት የአማርኛ ጠባይ ስለሆነ፣ ፍለጋው ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ ጋር አንድ አድርጎ እንዲያይ ማድረግ ለባለሙያ ቀላል ሥራ ነው።

የግብር መስኮቱ አጭር ነው፣ ለክፍያው ከተዘጋጃችሁ። የስም ማዛወሪያ የቴምብር ቀረጥ ከንብረቱ ዋጋ 2 በመቶ ነው፤ የአገልግሎት ክፍያና የሻጩ የካፒታል ዕድገት ግብር ለብቻቸው ይታያሉ። ውሉ ላይ ዋጋ ዝቅ አድርጎ መጻፍ አያዋጣም፤ ቢሮው የራሱን ግምት ይወስዳል። ከዚያም በላይ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስና ውሉ ቢፈርስ፣ ገዢው ከፈልኩ ብሎ የሚያስረዳው የተጻፈውን ብቻ ነው። ማን ምን እንደሚከፍል ውሉ ውስጥ ይግባ፣ በቃል አይቅር።

ሰዓቱን በተመለከተ፣ መንግሥት መሥሪያ ቤት ከ2:30 እስከ 6:30፣ ከዚያ ከ7:30 እስከ 11:30 ነው፤ ዓርብ ከሰዓት በፊት 5:30 ላይ ይዘጋል። ዓርብ ጠዋት አዲስ ጉዳይ መጀመር አይመከርም።

የመጨረሻው የባንኩ ነው፣ ብዙ ሰውም የሚረሳው እሱን ነው። የኮንዶሚኒየሙን ብድር ከፍሎ የጨረሰ ሰው ባንኩ ዕዳውን ዘግቶ ደብዳቤ ሲሰጠው ነፃ የወጣ ይመስለዋል። ባንኩ መያዣውን ያስመዘገበው በይዞታ መዝገቡ ላይ ነው፤ ደብዳቤው እዚያ ደርሶ እገዳው እስኪነሳ ድረስ ማጣሪያ በወጣ ቁጥር ቤቱ ተይዟል ይላል። አንድ ባንክ ደብዳቤውን «እኛ እንልካለን» ብሎ ሳይልክ ሁለት ሳምንት አልፏል። ደብዳቤውን በታሸገ ፖስታ ራሳችሁ ተቀብላችሁ አድርሱ፤ ስታስረክቡ የገቢ ቁጥር አስጽፉ፣ በሦስተኛው ቀን ተመልሳችሁ አዲስ ማጣሪያ ጠይቁ። እገዳ የለም የሚለውን ወረቀት ሳትይዙ የመመለሻ በረራ ቀን አትቁረጡ።