ኳስ፣ ግጥምና የሰፈር አገልግሎት፦ ዲሲ ስኮርስ ለልጅዎ ይሆናል?

ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ትልቁ ራስ ምታት ልጁ ከትምህርት ቤት ከወጣበት እሱ ከሥራ እስከሚወጣበት ያለው ጊዜ ነው። ዲሲ ስኮርስ ይህን ጊዜ በእግር ኳስ፣ በግጥምና በማኅበረሰብ አገልግሎት የሚሞላ፣ ወላጅን ምንም የማያስከፍል ፕሮግራም ነው። ብዙ ሰው ልጁን የሚያስመዘግበው ለኳሱ ብሎ ነው። በእኛ ግምት ግን የፕሮግራሙ ዋናው ሀብት ጽሕፈቱ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ቤተሰቦች ግማሹን ጥቅም ሳያገኙ ይወጣሉ።

ነገሩን የጀመረችው ጁሊ ኬኔዲ የተባለች የማሪ ሪድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። በ1994 እ.ኤ.አ. ከክፍል በኋላ የሚሠሩት ያጡ ሴት ልጆችን ሰብስባ ኳስ ታጫውታቸው ጀመር፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ክፍል አስገብታ ግጥም ታጽፋቸው ነበር። ወንዶቹም አይተው ካልገባን አሉ። ማሪ ሪድ የሚገኘው አዳምስ ሞርጋን፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ነው። በዚያ ዘመን የሐበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ጎዳና ስለሆነ ለእኛ ሰው እንግዳ ቦታ አይደለም። ሐሳቡ በኋላ አሜሪካ ስኮርስ በሚል ስም ወደ ኒው ዮርክ፣ ቦስተን፣ ቺካጎ፣ ክሊቭላንድና ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቷል።

ሳምንቱ በተለምዶ 2 ቀን የኳስ ልምምድ፣ 2 ቀን ጽሕፈት፣ 1 ቀን ከሌላ ትምህርት ቤት ጋር ግጥሚያ ነው። በፎል (በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ አጋማሽ) የጽሕፈቱ ቀን ለግጥም ይውላል፤ በስፕሪንግ (በሁለተኛው አጋማሽ) ለአገልግሎት ሥራ። ኳሱ ሁለቱንም ወቅት ይቀጥላል። አሰልጣኞቹ አብዛኛውን ጊዜ የዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪዎችና ሠራተኞች ናቸው፤ ልጁ ቀን የሚያውቀው ሰው ነው ማታ ሜዳ ላይ የሚያገኘው። ጥራቱም የሚለያየው በዚሁ ምክንያት ነው። ከመመዝገብዎ በፊት «ኳሱን ማን ያሠለጥናል?» ብቻ ሳይሆን «ጽሕፈቱን ማን ያስተምራል?» ብለው ይጠይቁ።

ጥሩ የጽሕፈት ክፍለ ጊዜ ምን ይመስላል? ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ፤ አንድ አጭር ግጥም ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ጥቂት ደቂቃ ዝም ብለው ይጽፋሉ፤ ከዚያ የፈለገ ያነባል። ዋናው ሥራ ያለው ከንባቡ በኋላ ነው። አንድ የ4ኛ ክፍል ልጅ «ሰፈሬን እወደዋለሁ» ብሎ ቢጽፍ ደካማ አስተማሪ «ጎበዝ!» ብሎ ያልፋል። ጥሩዋ ግን «በራችሁን ስትከፍት መጀመሪያ ምን ይሸትሃል?» ትለዋለች። ልጁ ያስብና «የጎረቤታችን ቡና 3ኛ ፎቅ ድረስ ይከተለኛል» ብሎ ይመልሳል። ይቺ መስመር የእሱ ናት፤ ሌላ ልጅ ሊጽፋት አይችልም። ሰምና ወርቅ ሲፈታ እየሰማ ያደገ ወላጅ የዚህ ለውጥ ክብደት አይጠፋውም።

የፎሉ ወቅት የሚዘጋው ትምህርት ቤቶች መድረክ ላይ በሚወዳደሩበት የግጥም ምሽት ነው። ብዙ ነገር የሚበላሸው እዚህ ነው። ጊዜ ሲያጥር አንዳንድ አዋቂዎች ግጥሙን ራሳቸው ጽፈው ልጆቹን ማስሸምደድ ይቀናቸዋል፤ ውጤቱም «በራሴ አምናለሁ፣ ሁሉን እችላለሁ» የሚል ከየትም ሊመጣ የሚችል ነገር ነው። መለያው ቀላል ነው፤ የልጅዎን ደብተር ይግለጡ። የተሰረዘ፣ በቀስት የተዛወረ፣ ከጎኑ የተጨመረ ቃል ካለበት ልጁ በእርግጥ እየጻፈ ነው። ንጹሕ ግልባጭ ብቻ ከሆነ ግን አስተማሪዋን ያነጋግሩ። ቤት ውስጥ ሲለማመድ ደግሞ የመስመሩን የመጨረሻ ቃል እንዳይውጠው ይከታተሉት፤ ልጆች ማይክ ፊት ሲቆሙ ድምፃቸው የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። በግጥሙ ውስጥ አማርኛ ማስገባት ይችል እንደሆነም አስቀድመው ይጠይቁለት። ቤት የሚሰማውን ቋንቋ መድረክ ላይ ይዞ የሚወጣ ልጅ አማርኛውን ለመጠበቅ የራሱ ምክንያት ያገኛል።

የስፕሪንጉ አገልግሎት ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከሁሉ ይከብዳል። ልጆቹ ሰፈራቸውን አይተው ችግር ይመርጣሉ፣ ያቅዳሉ፣ ይሠራሉ፣ የሠሩትን መልሰው ይገመግማሉ። የሚከሽፈው ችግሩ ሲገዝፍ ነው። «ቤት አልባነትን እንፍታ» ብሎ የተነሳ ቡድን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ፖስተር ነው። «ትምህርት ቤታችን ፊት ያለው የእግረኛ ማቋረጫ ቀለሙ ጠፍቷል» ያለ ቡድን ግን የሚያሸንፈው ነገር አለው፦ ፎቶ ያነሳል፣ በከተማው 311 መስመር ጥያቄ ያስመዘግባል፣ ቁጥሩን ይይዛል፣ ለምክር ቤት አባሉ ደብዳቤ ይጽፋል፣ መልስ ሲዘገይ ይከታተላል። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ የዲሲ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ለመመረቅ 100 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ይጠበቅበታል፤ የአንደኛ ደረጃ ልጅ እዚህ የሚሠራው ግን ለዚያ አይቆጠርም።

ኳሱን በተመለከተ፣ ይህ ክለብ አይደለም። ከዚህ በፊት ኳስ ነክቶ የማያውቅ ልጅም ይሰለፋል፤ ሴቶች ልጆች በሙሉ ልብ የሚጫወቱበት መሆኑም ትልቅ ነገር ነው። ልጅዎ የተለየ ችሎታ ካለውና ጠንካራ ውድድር ከፈለገ ግን ይህ ብቻውን አይበቃውም። የግል ክለቦች በዓመት በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ሊጠይቁ ስለሚችሉ ብዙ ቤተሰብ በዚህ ጀምሮ ቆይቶ ቢወስን ያዋጣዋል። ቤት ለሚለማመድ ከ8 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ 4 ቁጥር ኳስ ይግዙ፤ 5 ቁጥር ለእግሩ ይከብደዋል። በቴስታ መምታትን አያስተምሩት፤ የአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉት እንዲቀር፣ ከ11 እስከ 13 ላሉት ደግሞ በልምምድ ላይ እንዲገደብ አድርጓል።

ታኬታ ላይ የእኛ ወላጆች የሚሳሳቱት «ያድግበታል» ብለው ሁለት ቁጥር የሚበልጥ ሲገዙ ነው፤ እግሩ ውስጡ እየተንሸራተተ ተረከዙ ይላጣል፣ ቁርጭምጭሚቱም ሊታጠፍ ይችላል። ካልሲ አድርጎ ሲለካ ከአውራ ጣቱ ፊት የጣት ስፋት ያህል ቢተርፍ በቂ ነው። የቤዝቦል ታኬታ አፍንጫው ላይ ጥርስ ስላለው ለእግር ኳስ አይሆንም። ሺንጋርዱ (የቅልጥም መከላከያው) ከካልሲው ሥር ይገባል፤ ከጉልበት በታች ጀምሮ ቁርጭምጭሚቱ መታጠፊያ ሳይደርስ ማለቅ አለበት።

ዋናው ጣጣ ልጁን የመውሰጃው ሰዓት ነው። በግጥሚያ ቀን አውቶቡሱ መንገድ ላይ ሊዘጋበት ይችላል፤ ኅዳር ላይ ሰዓቱ ከተቀየረ በኋላ ደግሞ በአሜሪካው አቆጣጠር 5 ሰዓት ገደማ ይጨልማል። ታክሲ ለሚነዳ ወይም በሺፍት ለሚሠራ ወላጅ ይህ ከባድ ነው። ስለዚህ ቅጹ ላይ ልጁን መውሰድ የሚችሉ ቢያንስ 2 ሌሎች ሰዎች መታወቂያቸው ላይ ባለው ስም ያስመዝግቡ፤ «አክስቱ ትመጣለች» ብሎ መደወል ብቻ ላይበቃ ይችላል። ልጁ የሚጾም ከሆነ ለአሰልጣኙ ይንገሩና መክሰስ ይቋጠርለት፤ ረቡዕና ዓርብ ባዶ ሆዱን የሚሮጥ ልጅ ሜዳ ላይ ይዝላል። ቅጹ በእንግሊዝኛ ብቻ ከተሰጠዎት አይፈሩ፤ በ2004 እ.ኤ.አ. በወጣው የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ ከሚሸፈኑት ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነ ከመንግሥት ትምህርት ቤቱ አስተርጓሚ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ፕሮግራሙ በአብዛኛው የሚሰጠው በትምህርት ቤት በኩል ነው፤ የልጅዎ ትምህርት ቤት ቡድን ከሌለው በግል መግባት ያስቸግራል። በአንደኛ ደረጃ በተለምዶ ከ3ኛ እስከ 5ኛ ክፍል ያሉትን ይወስዳል፤ የመካከለኛ ደረጃ ቡድኖችም አሉ። ቦታ ስለሚሞላ ትምህርት በተከፈተ የመጀመሪያው ሳምንት ይጠይቁ። የቤት ኪራዩ ገፍቷቸው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድርያ የገቡ ቤተሰቦች የዲሲውን መጠቀም ስለማይችሉ የአካባቢያቸውን ፕሮግራም ማየት አለባቸው። ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝበት ሜሪላንድ ለምረቃ የሚጠየቀው የአገልግሎት ሰዓት 75 ነው፤ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ 5ኛ ክፍል ከጨረሱበት ክረምት ጀምሮ መጠራቀም ስለሚችል፣ የሚመርጡት ፕሮግራም ሰዓቱን የሚያስመዘግብ መሆኑን ልጁ ሥራውን ሳይጀምር ያረጋግጡ።