በባሕር ዳር የአንድ የሕፃናት ማሳደጊያ ቤት ግምገማ

በባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ወላጆቻቸውን ያጡና ለችግር የተጋለጡ ልጆች የሚያድጉበትን አንድ የማኅበረሰብ ቤት በቅርቡ ጎብኝቻለሁ። የልጆቹን ገመና ለመጠበቅ ስል ስሙንም ሰፈሩንም አልጠቅስም። ቤቱ ከጎረቤት ግቢዎች አይለይም፤ በበሩ ላይም የሙት ልጆች መኖሪያ መሆኑን የሚናገር ሰሌዳ አልተሰቀለም። ከትምህርት ቤት ከጓደኞቹ ጋር ለሚመለስ ልጅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ቤቱን ያስመሰገነብኝ ግን ልጆችን ለማቆየት ሳይሆን ወደ ዘመድ ለመመለስ የሚተጋ መሆኑ ነው። በ2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉ ተሻሽሎ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ከቀረ ወዲህ፣ ከማሳደጊያ የሚወጣ ልጅ የሚጠብቀው ዘመዱን፣ የአደራ ቤተሰብን፣ የአገር ውስጥ ጉዲፈቻን ወይም ራሱን ችሎ መኖርን ነው። ስለዚህ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛዋ ልጁ እንደገባ አያት፣ አክስት ወይም አጎት ማፈላለግ ትጀምራለች፤ ፍለጋው ዘጌም ሆነ ደራ ድረስ ይዘልቃል። አሳዳጊ ዘመድ ሲገኝም ልጁን አስረክቦ መሰናበት የለም፤ አቅም ለሌላት አያት እህል፣ የደንብ ልብስና ደብተር ይሰጣታል፣ ሠራተኛዋም እየሄደች ትጠይቃለች። ብዙ ልጅ ከዘመድ የሚለየው ፍቅር ጠፍቶ ሳይሆን የሚበላው ጠፍቶ ስለሆነ፣ ገንዘቡ ከአጥር ውጭ መውጣቱ ተገቢ ነው እላለሁ።

አያያዙ ደህና ነው። ወባ ያለበት አካባቢ በመሆኑ በየአልጋው አጎበር ተዘርግቷል፤ ቢልሃርዚያን በመፍራትም ልጆቹ ሐይቁ ውስጥ እንዳይዋኙ ይከለከላሉ፣ ምንም እንኳ ትልልቆቹ ሾልከው መሄዳቸው ባይቀርም። ጥፋት ሲገኝ ቴሌቪዥን ይከለከላል እንጂ ዱላ አይነሳም፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚያሳድጉ ተቋማት ውስጥ የአካል ቅጣትን ይከለክላል።

ቅር ያሰኘኝ የእንግዶች ጉዳይ ነው። በበዓል ሰሞን ኬክ ይዘው የሚመጡ ሰዎች ልጆቹን አሰልፈው ፎቶግራፍ ያነሳሉ፤ አስተዳደሩም ለጋሽ እንዳይሸሽ ፈርቶ ዝም ይላል። በመንገድ ላይ በቆመ ባዕድ ልጅ ላይ የማይደረገውን እዚህ ለማድረግ የተሰጠ ፈቃድ የለም። ሌሊት ደግሞ ትንንሾቹን የምትጠብቀው አንዲት ሞግዚት ብቻ ናት፤ ሁለት ልጆች በአንድ ጊዜ ቢታመሙባት ማን እንደሚረዳት ስጠይቅ፣ ዘበኛው እንዳለ ተነገረኝ። ይህ መልስ በቂ አይደለም።

ለመርዳት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ ደውሎ ቢሄድ ይሻላል። አሮጌ ልብስ በመጋዘን ተከምሯል፤ የሚፈለገው የሁለተኛ ሞግዚት የሌሊት ደመወዝ ነው።