ኤስ3 ላይፍሳይክል ሩል፦ ለማይጠቅም ዳታ በየወሩ ለምትከፍሉ

የክላውድ ቢላቸው ለምን እንደሚጨምር ግራ ለገባቸው ሰዎች ሁሌም መጀመሪያ የምመክረው የአማዞን ኤስ3 (ፋይል ክላውድ ላይ የሚቀመጥበት አገልግሎት) ላይፍሳይክል ሩልን ነው፣ ፋይሉ ይሄን ያህል ቀን ሲሞላው ምን ይሁን የሚል ትእዛዝ ማለት ነው። ባኬቱ (ፋይሎቹ የሚቀመጡበት ዋናው ማስቀመጫ) ላይ አንዴ ታስተካክሉታላችሁ፣ ከዛ በኋላ ዕድሜው ያለፈውን ፋይል ራሱ ያጠፋዋል ወይ ወደ ርካሽ ስቶሬጅ ይወስደዋል። ማጥፋቱ ላይ አምስት ከአምስት እሰጠዋለሁ፣ ማዘዋወሩ ላይ ግን ሦስት፣ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ትልቁ ጥቅሙ የማታዩትን ማጽዳቱ ነው። ኮንሶል (የአማዞን ክላውድ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብታችሁ የምታዩት ፋይልና የምትከፍሉበት ዳታ አንድ አይደለም እኮ። ለምሳሌ 5 ጊጋ ባካፕ በመልቲፓርት አፕሎድ (ትልቅ ፋይል ተከፋፍሎ የሚጫንበት መንገድ) እየተጫነ 4 ጊጋ ላይ ኔትወርክ ተቋረጠ እንበል፣ ፋይሉ ሊስቱ ውስጥ የለም፣ የተጫኑት ክፍሎች ግን እዛው ቁጭ ብለዋል፣ እስኪጠፉ ድረስ በየወሩ ይከፈልባቸዋል። ስክሪፕቱ በየማታው እንደ አዲስ የሚጀምር ከሆነማ በቃ እየተቆለለ ነው የሚሄደው። መፍትሄው አንድ ሩል ነው፣ ያላለቀ አፕሎድ ከ7 ቀን በኋላ ይጥፋ ማለት። ተጭኖ ያለቀ ፋይል አይነካም፣ ክፍያም የለውም፣ እባካችሁ ሁሉም ባኬት ላይ አድርጉት።

ቨርዥኒንግ (የፋይሉን የድሮ ቅጂዎች የሚያስቀምጠው) ከበራ ደግሞ ዲሊት ስላላችሁ ብቻ ፋይሉ አይጠፋም፣ ዲሊት ማርከር የሚባል ምልክት ይደረግበትና አሮጌው ሙሉ መጠኑን ይዞ ከስር ይቆያል። በየቀኑ እላዩ ላይ የሚጻፍ 2 ጊጋ ፋይል ካላችሁ ወር ሲሞላ ወደ 60 ጊጋ እየከፈላችሁ ነው ማለት ነው፣ የሚታያችሁ ግን አንድ ፋይል ብቻ ነው፣ እንደዚህ ያለ ፋይል ሃያ ሠላሳ ቢሆን አስቡት። እዚህም ላይ አሮጌ ቨርዥን ከ30 ቀን በኋላ ይጥፋ፣ የቅርቦቹ 3 ብቻ ይቅሩ ብሎ ማዘዝ ይቻላል፣ እኔ ይሄን ነው የምጠቀመው።

አሁን ወደ ማዘዋወሩ። ዋጋው ሲታይ ያጓጓል፣ ቨርጂኒያ ሪጅን ላይ ስታንዳርድ (የተለመደው ስቶሬጅ) በጊጋ በወር 0.023 ዶላር ነው፣ ዲፕ አርካይቭ (ብዙ ለማይከፈት ዳታ የሆነው በጣም ርካሹ) ደግሞ 0.00099፣ ማለትም 1 ቴራ ከ23 ዶላር ወደ 1 ዶላር ገደማ ይወርዳል። ግን ፋይሉን ለማዛወር በብዛቱ ነው የሚከፈለው፣ ለ1000 ፋይል 0.05 ዶላር። 200 ኪሎባይት የሆኑ 1 ሚሊዮን ፎቶዎች ካሏችሁ ለማዛወር ብቻ 50 ዶላር ትከፍላላችሁ፣ እነዛ ፎቶዎች በጠቅላላ 200 ጊጋ ናቸው፣ ስታንዳርድ ላይ በወር 4.60 ዶላር ነው የሚበሉት፣ ስለዚህ ያወጣችሁትን ለመመለስ ብቻ አንድ ዓመት ገደማ ይፈጅባችኋል። ትናንሽ ፋይል ከሆነ አንድ ላይ ጠቅልላችሁ ብታስገቡት ይሻላል። ደግሞ ዲፕ አርካይቭ ከገባ በኋላ 180 ቀን ሳይሞላው ብታጠፉት የቀረውን ቀን ያስከፍላል፣ መልሳችሁ ስትፈልጉት እስከ 12 ሰዓት መጠበቅ አለ፣ በርካሹ መንገድ ከሆነ እስከ 48 ሰዓት።

ሌላው የማልወድለት ነገር ሩሉ የሚያየው ፋይሉ ከተፈጠረ ስንት ቀን እንደሆነው እንጂ ሰው ይጠቀምበት አይጠቀምበት አይደለም። ዓመት የሞላው ግን በየቀኑ የሚከፈት ፋይል ስታንዳርድ አይኤ (አልፎ አልፎ ለሚከፈት ፋይል የሆነው ስቶሬጅ) ውስጥ ቢገባ በተከፈተ ቁጥር ይከፈልበታል። የትኛው ፋይል እንደሚከፈት ካላወቃችሁ ኢንተለጀንት ቲሪንግ ይሻላችኋል፣ እሱ 30 ቀን ያልተነካውን ነው ወደ ርካሹ የሚያወርደው፣ ፋይሉን ስታወጡት አያስከፍልም፣ በፋይል ብዛት ትንሽ የክትትል ክፍያ ግን አለው።

ከመጀመራችሁ በፊት ስቶሬጅ ሌንስን (የኤስ3 አጠቃቀማችሁን የሚያሳየውን ገጽ) ክፈቱ፣ ነጻው የ14 ቀን ዳታ ያሳያል፣ የትኛው ባኬት ላይ ስንት አሮጌ ቨርዥንና ያላለቀ አፕሎድ እንዳለ እዛ ታገኙታላችሁ። ከዛ ሩሉን መጀመሪያ አንድ ፕሪፊክስ (የፋይል ስም መጀመሪያ፣ እንደ ፎልደር ማለት ነው) ላይ ብቻ አድርጉት፣ ቴምፕ ፎልደሩ ላይ ለምሳሌ። ይሄን አጥብቄ የምለው የመሞከሪያ ሞድ የሚባል ነገር ስለሌለው ነው፣ ሩሉ ደግሞ ከዛሬ በኋላ የሚገባውን ብቻ ሳይሆን ድሮ የነበረውንም ይይዛል፣ ቨርዥኒንግ የሌለው ባኬት ላይ የጠፋ ፋይል በምንም አይመለስም። ባካፕ፣ የደንበኛ ሰነድ፣ ሕግ አስቀምጡ የሚለው ሂሳብ ያለበት ቦታ ላይ ከባለቤቱ ጋ ሳትነጋገሩ ሩል አታድርጉ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ይሄ የሚያጸዳው ኤስ3ን ብቻ ነው። ሰርቨሩ ከጠፋ በኋላ ሳይያያዝ የቀረ የኢቢኤስ ዲስክ (የክላውድ ሰርቨር ዲስክ) እና የድሮ ስናፕሾት (የዲስኩ ቅጂ) ቢል ውስጥ ካለ እዚህ አይነካም፣ ዲስኩን ገብታችሁ ራሳችሁ ፈልጉት፣ ለስናፕሾቱ ዳታ ላይፍሳይክል ማናጀር የሚባለውን እዩ፣ እሱም ግን የሚያጠፋው ራሱ የፈጠረውን ነው፣ በእጅ የተወሰደው ለናንተ ይቀራል።