የጥበቃዋን ቁልፍ ለምን ከፊት አደረጓት?

ባለ አራት ጥንድ የስፒከር ማከፋፈያ ሣጥን ከገዛሁ ወራት አልፈዋል። ስለ ሣጥኑ የምለው ብዙ ደግ ነገር አለኝ፤ በአንዲት ቁልፉ ላይ ያለኝ ንዴት ግን እስካሁን አልበረደም።

ቤቴ ቡናና ምሳ ቤት ነው። ዋናው ክፍል፣ በረንዳው፣ ጓሮውና ኮሪደሩ ሁለት ሁለት ስፒከር አላቸው፣ ሁሉም ባለ 8 ኦም (ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታበት መለኪያ ነው፤ ሲያንስ ብዙ ፍሰት ይስባል)። የሚያጫውታቸው ሬዲዮና አምፕሊፋየር አንድ ላይ ያለው ስቴሪዮ ሪሲቨር ነው። ጀርባው ላይ በግልጽ ተጽፏል፦ «ኤ» ወይም «ቢ» የተባለው የስፒከር መውጫ ብቻውን ሲሠራ ስፒከሩ ከ4 ኦም እንዳያንስ፣ ሁለቱ አብረው ሲሠሩ እያንዳንዱ ከ8 ኦም እንዳያንስ።

ገበያ ስወጣ የሰማሁት ሌላ ነው። «እህቴ፣ ይሄ ዕቃ ኃይለኛ ነው፤ ገመዱን ጠምዝዞ አንድ ላይ ማሰር ነው፣ ለሣጥን ብር አታውጪ!» ወንድሜ፣ ጉዳዩ የኃይል አይደለም። ባለ 8 ኦም ሁለት ስፒከር ጎን ለጎን ስታስር 4 ኦም ይሆናሉ፣ አራት ስታስር 2። 20 ቮልት ሲወጣ 8 ኦም ላይ የሚሄደው 2.5 አምፔር ነው፤ 2 ኦም ላይ ግን 10 አምፔር ይሆናል። ያን ሁሉ የሚሸከሙት ሪሲቨሩ ውስጥ ስፒከሮቹን የሚነዱት የመውጫ ትራንዚስተሮች ናቸው። መከላከያ ያለው ሪሲቨር ቀጭ ብሎ ራሱን ያጠፋል፤ የሌለው ይቃጠላል፣ አንዳንዴም ስፒከሩን ይዞት ይሄዳል። «አሥርም ይሸከማል» ያለኝ ሰው ያን ቀን ትራንዚስተር ሊቀይርልኝ አይመጣም። በተከታታይ እሰሪያቸው የሚልም አለ። እውነት ነው፣ እንደዚያ ሲታሰሩ ኦሙ ይደመራል፤ ነገር ግን ዝናብ መጥቶ የጓሮውን ብቻ ላጥፋ ብል ቤቱ በሙሉ ጸጥ ይላል።

ሣጥኑ ይህን ሁሉ ጣጣ ገላግሎኛል። ከሪሲቨሩ «ኤ» መውጫ አንድ መስመር ይገባዋል፣ አራት ይወጣዋል፣ ለየክፍሉም የራሱ ማብሪያ አለው። የጥበቃዋ ቁልፍ ስትጫን በየቻናሉ፣ በግራውም በቀኙም፣ 2.5 ኦም ሬዚስተር (ፍሰቱን የሚገታ ዕቃ) ይገባል፤ ስለዚህ አራቱም ጥንድ ሲበሩ ሪሲቨሩ የሚያየው 2 ሳይሆን 4.5 ኦም ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ሞልቶ በአራቱም ክፍል ሙዚቃ ሲጫወት እጄን የሪሲቨሩ ክዳን ላይ አሳርፋለሁ። ለብ ብሎ ይቆያል እንጂ አያቃጥልም። ለእኔ ገንዘቤን ያስመለሰልኝ ይሄ ብቻ ነው።

በነፃ አይደለም። አራቱም ሲሠሩ ከጉልበቱ ከግማሽ በላዩ ሬዚስተሩ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፤ ድምፁ ይቀንሳል፣ ባሱም ትንሽ ይላላል፣ ሣጥኑም ራሱ ይሞቃል፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ጨርቅም ወረቀትም አይቀመጥም። ሰው እያወራ ቡና ለሚጠጣበት ቤት በቂ ነው። ለጭፈራ ቤት አልመክረውም።

አሁን ወደ ቁልፏ። ከክፍሎቹ ማብሪያዎች ጎን ተሰልፋለች፣ በመጠንም በቀለምም አንድ ናቸው። ስትለቀቅ ሬዚስተሩ ይወጣል፣ ድምፁም ባንዴ ይጎላል። አስተናጋጆቼ ይህን ለማወቅ አልዘገዩም። «እትዬ፣ ድምፅ አንሷል ሲሉን ይቺን ነው የምንነካት» አለችኝ አንዷ። እነሱ የነኳት ደግሞ ሁልጊዜ ቤቱ ሲሞላ፣ አራቱም ጥንድ በርተው ሳለ ነው። ከዚያ ቀጭ! ሪሲቨሩ ጠፋ፣ መስኮቱ ላይ «ፕሮቴክት» ይላል፣ ራሱን ለመከላከል ጠፋሁ ማለቱ ነው። ፕላስተር ለጠፍኩባት፤ ጠዋት አቧራ ሲወለወል ተላቀቀ። ልጆቹን አልቆጣቸውም። እንግዳ ድምፅ ጨምሩ ሲላቸው የሚጨምር ቁልፍ ፊታቸው ተቀምጧል፣ ምን ያድርጉ?

ሻጩ «ማኑዋሉ ላይ ተጽፏል እኮ» ይለኝ ይሆናል። ተጽፏል፣ አንብቤዋለሁም። ግን በምሳ ሰዓት ማኑዋል የሚያነብ አስተናጋጅ የለም። አንድ ጥንድ ብቻ ሲሠራ ጥበቃ ስለማያስፈልግ ቁልፏ መኖሯ ይገባኛል። ከጀርባ ቢያደርጓት ምን ይጎድል ነበር? ወይም ሁለተኛው ጥንድ ሲበራ ሬዚስተሩ በራሱ እንዲገባ ማድረግ ምን ያቅታል? የሣጥኑ ዋና ሥራ ሪሲቨሩን ማዳን ሆኖ ሳለ፣ ያንን ሥራ በአንድ ጣት የሚያጠፋ ነገር ግንባሩ ላይ መትከል በጣም ያሳዝናል።

ለሚገዛ ሰው ሁለት ነገር ልንገር። ገመድ የዘረጋልኝ ኤሌክትሪሺያን ለመቆጠብ ብሎ የግራና የቀኙን ኔጌቲቭ በአንድ ገመድ ሊያስኬድ ነበር፤ አልፈቀድኩም፤ በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ይሄ ብቻውን ዕቃውን ያቃጥላል። ሌላው፣ ሪሲቨሩ ሳይያያዝ እያንዳንዱን መስመር በቴስተር ለኩት። ባለ 8 ኦም ስፒከር 6 አካባቢ ያሳያል፤ ዜሮ አጠገብ ካሳየ ሁለቱ ሽቦ አንድ ቦታ ተነካክተዋል ማለት ነው።

ይህን ሣጥን ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አዎ፣ ዛሬም ቢሆን። ቁልፏን ግን ጥገና ቤት ወስጄ ጥበቃው ሁልጊዜ እንዲሠራ ከውስጥ በብየዳ አስዘግቻታለሁ፤ አሁን ማንም ቢነካት ምንም አትለውጥም። ሻጩ ይህን ሲሰማ «በቃ፣ ዋስትናው ቀረ» አለኝ። ይቅር።