አራት ሽቦ ሆስ ኤክስካቫተር ላይ፦ ክረምትና በጋ ከሠራንበት በኋላ

የኤክስካቫተሬ ቡምና አርም (ባልዲውን የሚሸከሙት ሁለቱ ክንዶች) ላይ አራት ሽቦ ሆስ፣ ማለትም ጎማው ውስጥ አራት ንብርብር ሽቦ ያለው የሃይድሮሊክ ዘይት ማስተላለፊያ፣ ካስገጠምኩ ክረምቱ አልፎ በጋውም እየተገባደደ ነው። ከሆሱ አካል አንድም ጠብታ አልወጣም። ዋጋው ያማል፣ ግን ያዋጣል። ለቸኮለ ሰው መልሴ ይኼው ነው፤ ዝርዝሩን ለሚፈልግ ልቀጥል።

ማሽኑ ኮማትሱ ፒሲ 200 ነው፣ 20 ቶን ገደማ። ባህር ዳርና ዙሪያዋን ነው የሚሠራው። ዘንዘልማ በኩል የቤት መሠረት ይቆፍራል፣ መሸንቲ በኩል ድንጋይ ያወጣል፣ አንዳንዴ ጣና ዳር ቦይ ይጠርጋል። ለሆስ የሚመች ሥራ አይደለም። ጥቁሩ ድንጋይ ይፈገፍጋል፣ ክረምት ላይ ዋልካው በየመገጣጠሚያው ይጠቀጠቃል፣ በጋ ላይ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ የሚወርደው ፀሐይ ጎማውን ያደርቀዋል።

ቀድሞ የነበሩት ሁለት ሽቦ ናቸው። የገጠመልኝ ባለሱቅ "ጋሼ፣ ሁሉም ይህንኑ ነው የሚያስገጥመው፣ ችግር የለውም" ነበር ያለኝ። ሲገጠሙ ደህና ነበሩ። ጥቂት ወራት ሳይቆዩ ግን መጀመሪያ ጫፉ ላይ ፕሬስ የተደረገው (ተጨምቆ የተገጠመው) ብረት ሥር ወዛ ወዛ አለ፣ ቀጥሎ ጎማው ላይ እብጠት ወጣ፣ ከዚያ ቡሙ በተነሳ ቁጥር ዘይቱ እንደ ክር ቀጥኖ መርጨት ጀመረ። ማሽን በሰዓት ነው የሚከራየው። ቆሞ ለዋለበት ማንም አይከፍልም።

ምክንያቱ ሆሱ ላይ ተጽፏል። ማንኛውም ደህና ሆስ ደረጃውን፣ ውፍረቱን፣ የሚችለውን ግፊትና የተመረተበትን ጊዜ ላዩ ላይ ይዞ ይመጣል። 2ኤስኤን (2SN) የሚል ካያችሁ ሁለት ንብርብር የተጎነጎነ ሽቦ አለው ማለት ነው፤ የውስጡ ስፋት አንድ ኢንች ከሆነ የሥራ ግፊቱ 165 ባር ነው (ባር የግፊት መለኪያ ነው)። 4ኤስኤች (4SH) ግን አራት ንብርብር የተጠመጠመ ሽቦ አለው፤ በዚያው አንድ ኢንች 380 ባር ይችላል። የኔ ማሽን ባልዲው ድንጋይ ነክሶ ሲታገል ግፊቱ ወደ 370 ባር ይደርሳል። እንግዲህ አስሉት።

ሰውን የሚያታልለው ሁለት ሽቦው ወዲያው አለመፈንዳቱ ነው። ሆስ ሲመረት የሚፈነዳበት ግፊት ከሥራ ግፊቱ ቢያንስ 4 እጥፍ እንዲሆን ተደርጎ ነው፤ ስለዚህ 165 የተባለው እስከ 660 ባር ድረስ ሊሸከም ይችላል፣ የመጀመሪያውን ቀን ይችላል፣ የመጀመሪያውንም ወር ይችላል፣ ግን ግፊቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ሽቦው ውስጥ ለውስጥ እየደከመ ይሄዳል። በአውሮፓ ደረጃ 2ኤስኤን የሚፈተነው በ200,000 የግፊት ምት ነው። 4ኤስኤች በ400,000። ሁለቱም የሚፈተኑት ከየራሳቸው የሥራ ግፊት 133 በመቶ ላይ ነው፤ የአንዱ መነሻ ከሌላው እጥፍ በላይ መሆኑን አትርሱ።

ሱቅ ገብታችሁ "አራት ሽቦ ስጠኝ" ብላችሁ አትመለሱ። 4ኤስፒ (4SP) የሚባለውም አራት ሽቦ ነው፤ ባለ አንድ ኢንቹ ግን 280 ባር ብቻ ነው። ጽሑፉን ራሳችሁ አንብቡ። 2ኪው24 (2Q24) ዓይነት ምልክት ካለ በፈረንጆቹ 2024 ሁለተኛ ሩብ ዓመት ተመርቷል ማለት ነው። ሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ፀሐይ ሲመታው የከረመ ሆስ አዲስ ቢባልም አልገዛም።

የኔን ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት፣ አባይ በረሃን አቋርጦ። ፕሬሱም እዚያው ነው የተደረገው። ፊቲንጉ (ሆሱ ጫፍ ላይ የሚጨመቀው የብረት ማያያዣ) ለአራት ሽቦ የተሠራ መሆን አለበት፤ የሁለት ሽቦ ፊቲንግ ላይ ጨምቀው ቢሰጧችሁ አንድ ቀን ተነቅሎ ይወጣል፣ ያኔ አጠገቡ የቆመ ሰው ይተርፋል ማለት አይቻልም። ሆሱ በዲስክ ሲቆረጥ የብረትና የጎማ ብናኝ ውስጡ ይቀራል። በኮምፕሬሰር እፍ ማለት ብቻውን አይበቃም፤ በንፋስ የሚተኮስ ስፖንጅ በውስጡ ማለፍ አለበት። ያ ብናኝ ቫልቭና ፓምፕ ውስጥ ከገባ የሆሱ ዋጋ ትዝም አይላችሁ።

መግጠሙ ላይ ችግር አለ፣ አልደብቅም። ሆሱ ግትር ነው። ባለ አንድ ኢንቹ 4ኤስኤች ሲታጠፍ ከ340 ሚሊ ሜትር ባነሰ ራዲየስ መታጠፍ የለበትም፤ አርሙ ጋ ባለው ጠባብ ቦታ መካኒኩና ረዳቱ ላብ በላብ ሆነዋል። ግፊት ሲገባበት ሊያጥር ስለሚችል ልክክ አድርጎ ማስቆረጥም አይሆንም። ላዩ ላይ የተጻፈው መስመር ቀጥ ብሎ መሄድ አለበት፤ ከተጠማዘዘ ሆሱ ሲገጠም ተጣሟል ማለት ነው፣ ይፈታና እንደገና ይታሰር።

በክረምቱ አንዴ ፊቲንጉ ላይ ዘይት ታየ። ደንግጬ ነበር። ሲፈታ ኦሪንጉ (ዘይት እንዳያልፍ የሚይዘው የጎማ ቀለበት) ተቆርጦ ተገኘ፣ ተቀየረ፣ አበቃ። ያልወደድኩት ሌላ ነገር ከሆሱ ጋር የመጣው ጠምዛዛ የፕላስቲክ መከላከያ ነው። ድንጋዩን ይመክታል፣ ዋልካው ግን ሥሩ ገብቶ ይደርቅና ጎማውን ይሞርደዋል። ዝናቡ እንዳበቃ አውልቀን ባናጥበው ኖሮ በራሱ መከላከያ ይበላ ነበር። ፊቲንጎቹም ትንሽ ዝገት ጀምሯቸዋል።

ማሽኑን በሙሉ በዚህ መቀየር ግን ገንዘብ መጣል ነው። ከእጀታዎቹ ወደ ቫልቩ የሚሄደው የፓይለት (የትእዛዝ) መስመር ግፊቱ ከ30 እስከ 40 ባር ገደማ ነው፣ የመመለሻውም ዝቅተኛ ነው። እዚያ ሁለት ሽቦው ወይም ከዚያ ያነሰው ይበቃል።

እባካችሁ፣ ፍሳሽ ስትፈልጉ በእጃችሁ አትዳብሱ። በዓይን ከማይታይ ቀዳዳ የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል። ቁስሉ የመርፌ ጫፍ ያህል ነው፣ ላያምም ይችላል፣ እጅ ግን ሊያስቆርጥ ይችላል። በካርቶን ፈልጉ። የገባበት ሰው ካለ ሳያድር፣ ሳይውል፣ ወዲያው ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ይሂድና "ግፊት ያለው ዘይት ነው የገባው" ይበል። ከመፍታታችሁ በፊት ባልዲው መሬት ይረፍ፣ ሞተሩ ይጥፋ፣ ቁልፉ ተከፍቶ እጀታዎቹ በሁሉም አቅጣጫ ይነቅነቁ፣ የታንከሩም ግፊት ይውጣ።

ለኔ ከገንዘቡ እኩል የሚከብደኝ ሐይቁ ነው። ጣና ዳር ስንሠራ የሚፈሰው ዘይት የትም አይሄድም፣ ውሃው ላይ ነው የሚተኛው፤ ሰው ታንኳውን ይዞ ቆሮሶና አምባዛ የሚያወጣበት፣ ከብት የሚጠጣበት ውሃ ላይ። የሚያፈስ ማሽን ይዞ እዚያ መግባት ነውር ነው። አሁን ጠዋት ጠዋት ሆሶቹን ሳናይ ሞተር አናስነሳም።

ዘንድሮ የቀሩኝ የባልዲው ሆሶች ናቸው፣ ሦስት አራተኛ ኢንች። በዚህ መጠን 4ኤስኤች 420 ባር ይችላል፣ ሁለት ሽቦው 215 ነው። ዝናቡ ሳይገባ እነሱንም እቀይራለሁ። መከላከያውን ግን ጠምዛዛ ፕላስቲክ አላደርገውም፤ ማሰሪያቸውን አስተካክዬ እርስ በርስ እንዳይፋተጉ አደርጋለሁ።