አዳማ ላይ የፍሬንና የመሪ ስልጠና፦ ሦስት ወር ተምሬ ያየሁት

የመሪ፣ የሰስፔንሽን (መኪናውን ተሸክሞ የመንገድ ንረት የሚያበርደው ክፍል) እና የፍሬን ጥገና የት ልማር ለምትሉኝ እኔ ማታ ማታና ቅዳሜ የተማርኩበትን ልንገራችሁ፣ ቅሬታም ስላለኝ ስሙን እዚህ አልጠራም በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ባጭሩ አስተማሪው በጣም ጎበዝ ነው፣ ዕቃቸው ግን ይቀረዋል።

ቲቸር የመጀመሪያውን ሳምንት ቁልፍ አላስያዘንም፣ መኪናውን በክሪክ አስነስቶ ጎማ በእጃችን ስናስነቀንቅ ዋልን። ግራና ቀኝ ይዘህ ከተንቀጫቀጨ ታይሮዱን (መሪውን ከጎማው የሚያገናኘውን ዘንግ) ጠርጥር፣ ላይና ታች ከሆነ ቦልጆይንት (ጎማውን ከሰስፔንሽኑ የሚያያይዘው ኳስ መጋጠሚያ) ወይ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበት)። እኔ ጋራዥ ሁለት ዓመት ሰርቼ ይሄን የነገረኝ የለም፣ መሪው ይንቀጠቀጣል ከተባለ ዝም ብለን ዕቃ መቀየር ነበር፣ ስንት ሰው ብሩን በከንቱ እንዳወጣ ሳስበው አሁን ያመኛል።

ፍሬን አየር ማስወጣት ደሞ ጥንድ ጥንድ ሆነን ነው፣ አንዱ ፔዳል ይረግጣል ሌላው ጎማው ስር ተጋድሞ አየር ማስወጫዋ ብሎን ላይ ግልፅ ቱቦ ሰክቶ ጫፉን ዘይት ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ይነክራል፣ "ያዝ!" ሲባል ብሎኗን ትንሽ ፈታ፣ አረፋው ቡልቅ ቡልቅ ይላል፣ ፔዳሉ ሳይለቀቅ ጥብቅ። ጓደኛዬ ቀድሞ ለቀቀና አየሩ ተመልሶ ገባ፣ ቲቸር ሳይቆጣ ከዜሮ አስጀመረን። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ አዲስ ዶት 3 (አንዱ የፍሬን ዘይት ዓይነት) ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፣ ውሃ ከገባበት ግን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል፣ እስቲ ሰው ጭኖ ቁልቁለት ላይ ዘይቱ ፈልቶ ፔዳሉ ወለል ሲነካበት አስቡት። ከዛ ወዲህ ክዳኑ ተከፍቶ የከረመ ዘይት አልጠቀምም።

ቅሬታዬ አላይመንት ማሽኑ (የጎማዎቹን አቅጣጫ ለክቶ ለማስተካከል የሚያገለግለው) ነው። ማስታወቂያቸው ላይ ፎቶው አለ፣ ሦስቱንም ወር ግን ተበላሽቶ ሸራ ለብሶ ቆሞ ነበር፣ በሲባጎ ነው የተማርነው። ሲባጎውም ይጠቅማል፣ ግን ለማሽኑ ብለን ነው የከፈልነው። መሪው ከቀኝ ወደ ግራ የተገለበጠ ቪትዝ ከተማው ሙሉ ሆኖ እሱንም ባንድ ከሰዓት አለፉት፣ የኤሌክትሪክ መሪ ደሞ በቃል ብቻ። ከ2016 ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ተከልክሎ ኤሌክትሪኩ እየበዛ ነው፣ ሞተሩ ቢቀየርም ቦልጆይንትና ፍሬን ሸራ እሱም አለው፣ ስለዚህ ሙያው ስራ አያጣም።

የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ፈተና ክፍያው ለብቻ ነው። ከመክፈላችሁ በፊት ግቡና ማሽኑን አስነሱልኝ በሏቸው፣ ከተነሳ ተመዝገቡ።